ሶፋ፣ ምንጣፍና የቆዳ ዕቃ ሲቆሽሽ፦ ሳያበላሹ የማጽዳትና የመጠበቅ መመሪያ

ሶፋ ላይ ቡና ሲደፋ የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሮጠው እርጥብ ጨርቅ ይዞ ወደ መፈተግ ነው። ጨርቁ ላይ የሚቀረው የማይጠገን ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቡናው አይመጣም፤ ከፍተጋው፣ ከውሃው ብዛትና ካለቦታው ከገባ ኬሚካል ነው የሚመጣው። ቡናው ሊወጣ የሚችል እድፍ ነበር። ተፈትጎ የተፍረከረከ ክር ግን ተመልሶ አይተኛም፤ በበረኪና የነጣ ቀለምም አይመለስም። በዚህ ምክንያት እዚህ የምንጀምረው ከእድፉ ሳይሆን እድፉ ካረፈበት ጨርቅ ነው።

መጀመሪያ ዕቃችሁን እወቁ

የሶፋውን ትራስ አንሱና ከሥሩ፣ ወይም ዚፑን ከፍታችሁ ከውስጥ በኩል ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ትንሽ መለያ ተሰፍታ ትገኛለች። መለያዋ ላይ ያለው የላቲን ፊደል በምን እንደሚጸዳ ይናገራል፦

- «ደብልዩ» ካለ በውሃና ውሃ ባለው ማጽጃ ይጸዳል።
- «ኤስ» ካለ ውሃ አይንካው፤ ለደረቅ እጥበት በተሠራ ፈሳሽ (ሶልቨንት) ብቻ ነው የሚጸዳው።
- ሁለቱ ፊደላት አብረው ካሉ በሁለቱም ይሆናል።
- «ኤክስ» ካለ ምንም ዓይነት ፈሳሽ አይነካውም፤ በቫኪዩምና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው የሚጸዳው።

ዚፕ ስላለው ብቻ የትራሱን ልብስ አውልቃችሁ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት። ዚፑ በብዙ ሶፋዎች ላይ የሚገባው አምራቹ ስፖንጁን እንዲያስገባበት ነው። አንዴ ታጥቦ የተሰበሰበ ልብስ ወደ ስፖንጁ ተመልሶ አይገባም፤ ቢገባም ቀለሙ ከሌላው የሶፋው ክፍል ጋር አይመሳሰልም።

መለያ የሌለው ዕቃ፣ በተለይም ምንጣፍ፣ ሲያጋጥም ከማይታይ ቦታ አንድ ክር ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ የእቃ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ለኩሱት። ፀጉር ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ ከወጣና አመዱ በጣት ሲነካ ከፈረሰ፣ ሱፍ ወይም ሐር ነው። የወረቀት ሽታ ያለውና ለስላሳ ግራጫ አመድ የሚተው ጥጥ ወይም ሊነን ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጠጠር ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው፤ ናይሎን፣ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሐር መስሎ እያንጸባረቀ እንደ ወረቀት የሚቃጠል ምንጣፍ ካገኛችሁ ቪስኮስ (ከዕፅዋት የሚሠራ ሐር መሳይ ክር) ሊሆን ይችላል። ቪስኮስ ሲረጥብ ይደክማል፣ ጸጉሩ ይተኛል፣ ሲደርቅም ቢጫ ወይም ቡናማ ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ምንጣፍ በደረቅ ጨርቅ ከመጫን ያለፈ ነገር ቤት ውስጥ ባትሞክሩበት ይሻላል።

ሱፍና ሐር ፕሮቲን ናቸው። በረኪና ያሟሟቸዋል፤ ደምና ወተት ለማውጣት የሚሸጡ ፕሮቲን ፈጪ የኢንዛይም ማጽጃዎችም ክሩን ራሱን ይበሉታል። ፖሊስተርና ፖሊፕሮፒሊን በተቃራኒው ቡናና ጁስ እምብዛም አይገባባቸውም፤ ዘይት ግን ይወዳሉ፣ ከያዙ በቀላሉ አይለቁም። ጁትና ቃጫ ውሃ ሲነካቸው የቡናማ ምልክት ያወጣሉ። ያው የእድፍ ማስለቀቂያ አንዱን አጽድቶ ሌላውን የሚያጠፋው በዚህ የተነሳ ነው።

ማንኛውንም ፈሳሽ ከመጠቀማችሁ በፊት ቀለም ይለቅ እንደሆነ ሞክሩ። ነጭ ጨርቅ በዚያው ፈሳሽ አርጥባችሁ ከሶፋው ጀርባ ወይም ከምንጣፉ ጥግ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጫኑት። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀለም ከታየ እዚያው አቁሙ። ምንጣፉ ብዙ ቀለም ካለው እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ መሞከር ያስፈልጋል፤ ቀዩና ጥቁር ሰማያዊው በተለይ አይታመኑም።

ቤት ውስጥ ቢኖሩ የሚበጁ ነገሮች

ነጭ የጥጥ ጨርቆች ወይም አሮጌ ነጭ ፎጣዎች፣ ጫፉ ያልሰላ ማንኪያ፣ ውሃ መርጫ ጠርሙስ፣ ቀለም የሌለው የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ነጭ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ ወይም የበቆሎ ስታርች፣ 70 በመቶ አልኮል፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም እንስሳ ካለ አንድ የኢንዛይም ማጽጃ ጨምሩ። ጨርቁ ነጭ ይሁን የምንለው ለሁለት ነገር ነው፤ እድፉ መውጣቱን ታዩበታላችሁ፣ የፎጣው ቀለምም ወደ ሶፋው አይሄድም።

አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ውህዶች ናቸው፦

የሳሙና ውህድ፦ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። ለደምና ለመሰሎቹ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን።

የአቼቶ ውህድ፦ 1 እጅ ነጭ አቼቶ ለ2 እጅ ውሃ።

ሳሙናው አንሷል ብላችሁ አትጨምሩ። ጨርቅ ውስጥ የቀረ ሳሙና ሲደርቅ ይጣበቃል፤ ከእግርና ከአየር የሚመጣውን አቧራ ይይዛል። ጸድቶ የነበረ ቦታ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሌላው ጠቁሮ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው እድፉ ተመለሰ ብሎ ሌላ ሳሙና ይጨምራል፤ ችግሩም እየባሰ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቦታ የሚፈልገው ሳሙና ሳይሆን ንጹህ ውሃ ነው።

ይህን ደግሞ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ንገሩ፦ በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከአቼቶ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ከሁለቱም የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው፤ ሳንባ ይጎዳል። አቼቶንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድንም በአንድ ጠርሙስ ውስጥ አታድርጉ። ሁለት ማጽጃ ተራ በተራ መጠቀም ካስፈለገ በመሃል በውሃ አለቅልቁ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ከዘይትና ከጭቃ በቀር ምንም ይፍሰስ ምን፣ ውሃ የሚችል ጨርቅ ላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ወፍራም ወይም ጠጣር ነገር ካለ በማንኪያ ከዳር ወደ መሃል እየሰበሰባችሁ አንሱ። ወደ ውጭ ከገፋችሁት እድፉን ታሰፉታላችሁ።

2. ደረቅ ነጭ ጨርቅ ደራርባችሁ አጥፉና ጫኑት። በእጅ መዳፍ፣ ክብደታችሁን ጥላችሁ ጫኑ። ምንጣፍ ከሆነ በጨርቁ ላይ ቁሙበት። ጨርቁ ሲረጥብ ወደ ንጹህ ገጹ እያዞራችሁ ድገሙት። ነጩ ጨርቅ ላይ ምንም ቀለም መታየት እስኪያቆም ድረስ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ። ከሥራው ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ በትዕግሥት ከተሠራ የፈሰሰው አብዛኛው እዚህ ላይ ይወጣል።

3. ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ ርጩ፤ አታፍስሱ። እንደገና በደረቅ ጨርቅ ጫኑ።

4. ቀለሙ አሁንም ካለ የሳሙናውን ውህድ በጨርቅ ላይ አድርጉ፤ በሶፋው ላይ በቀጥታ አታድርጉ። ከእድፉ ዳር ጀምራችሁ ወደ መሃል ነካ ነካ አድርጉ። ለአምስት ደቂቃ ተዉትና በደረቅ ጨርቅ ጫኑ።

5. በንጹህ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ እየነካካችሁ ሳሙናውን አውጡ፤ በየመሃሉ በደረቅ ጨርቅ ጫኑ።

6. ደረቅ ፎጣ አጥፋችሁ አስቀምጡበት፤ ከላዩ ፌስታል፣ ከፌስታሉ ላይ ከባድ ነገር ጫኑበትና ለጥቂት ሰዓታት ወይም እስኪነጋ ተዉት። ከዚያ ፎጣውን አንስታችሁ በማራገቢያ አድርቁ።

ስድስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ምንጣፍ ላይ የፈሰሰ ነገር ከላይ ጸድቶ እያለ ከሥር፣ ጀርባው ላይ፣ ይቀራል። ላይኛው ሲደርቅ፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ የምንጣፉ ጸጉር ከሥር የቀረውን ውሃና ቀለም ወደ ላይ ይስባል። በነጋታው ስታዩት እድፉ በዚያው ቅርጹ ተመልሶ ተቀምጧል። ከባድ ነገር የተጫነበት ፎጣ ያንን የሚወጣ ቀለም በምንጣፉ ጫፍ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ይቀበለዋል። በማግስቱ ፎጣውን ገልብጣችሁ ብታዩ ቡናማ ምልክቱን ታገኙታላችሁ።

ሌላው የሚያስቸግር ነገር ክቡ ነው። ቡናው ወጥቶ በዙሪያው ቀጭን ቡናማ ቀለበት ይቀራል። ውሃ ሲደርቅ ከመሃል ወደ ዳር ይሄዳል፤ የሟሟውንም ቆሻሻ ይዞ እርጥቡና ደረቁ በሚገናኙበት መስመር ላይ ያራግፈዋል። ቀለበቱን ብቻ ብታጸዱት ሰፋ ያለ ቀለበት ትሠራላችሁ። መፍትሔው ከስፌት እስከ ስፌት ያለውን የመቀመጫውን ገጽ በሙሉ ውሃ በስሱ መርጨት፣ በነጭ ጨርቅ በእኩል መጫንና በማራገቢያ ቶሎ ማድረቅ ነው። መስመሩ ከስፌቱ ላይ ሲያርፍ አይታይም። ይህ ውሃ ለሚፈቀድለት ጨርቅ ብቻ መሆኑን አትርሱ።

እድፉ ምንድን ነው?

*ቡና፣ ሻይ፣ ጁስ፣ ቀይ ወይን።* ከላይ ባለው ቅደም ተከተል ሠርታችሁ ቡናማ ጥላ ከቀረ የአቼቶውን ውህድ ነካ ነካ አድርጉና አለቅልቁ። ለእነዚህ እድፎች የገላ ወይም የልብስ ደረቅ ሳሙና አትጠቀሙ፤ በውስጣቸው ያለውን ታኒን የተባለ ቀለም ሰጪ ነገር ክሩ ላይ ያጸናዋል። ወተት ያለበት ቡና ከሆነ መጀመሪያ በቀዝቃዛ የሳሙና ውህድ ወተቱን አውጡ። ነጭ ወይም በጣም ፈዛዛ ጥጥና ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ የመጨረሻ ጥላ ከቀረ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጠብታ ይሞከራል። ቀለሙን ስለሚያነጣ ጥቁርና ደማቅ ጨርቅ ላይ አይሆንም።

*ደም፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ትውከት።* ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ሙቀት ፕሮቲኑን ክሩ ላይ ያበስለዋል፤ የተቀቀለ ደም ደግሞ አይወጣም። የእንፋሎት ማሽንም፣ ፀጉር ማድረቂያም አይቅረብ። ደም ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስታደርጉ አረፋ ይነሳል፤ በደሙ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ፈሳሹን ወደ ውሃና ኦክስጅን ስለሚሰብረው ነው። አረፋው ሲበርድ በጨርቅ ጫኑ፣ ድገሙት። ከሱፍና ከሐር ውጪ ለሆነ ጨርቅ የኢንዛይም ማጽጃ ከሁሉም ይሻላል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ሳትጠብቁ ማጠብ ገንዘቡን ማፍሰስ ነው።

*ዘይት፣ ቅቤ፣ ሎሽን።* እዚህ ላይ ሥርዓቱ ይለወጣል፤ ውሃ ቶሎ አታስነኩ። በደረቅ ጨርቅ ከጫናችሁ በኋላ ስታርች ወይም ቤኪንግ ሶዳ በወፍራሙ ነስንሱበት። ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ እድፉ ትልቅ ከሆነ እስኪነጋ ይቆይ። ዱቄቱ ዘይቱን ሲመጥ ይጠቁራል፤ በቫኪዩም አንሱና አዲስ ነስንሱ። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ ሲቀር ነው የሳሙናው ውህድ ተራው የሚደርሰው። «ኤስ» ምልክት ላለው ጨርቅ ግን በሳሙናው ፈንታ የደረቅ እጥበት ፈሳሽ በጨርቅ ነክታችሁ ተጠቀሙ፤ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይቅረብ።

*እስክሪብቶ።* በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ አልኮል ነክታችሁ መስመሩን ብቻ ነካ አድርጉ፤ ጥጡን በየነካችሁት ቁጥር ለውጡ። አልኮሉን ካፈሰሳችሁት ቀለሙ ሟሙቶ ወደ ስፖንጁ ይወርዳል፤ መስመር የነበረው ሰማያዊ ደመና ይሆናል።

*ሻማና ማስቲካ።* በረዶ በፌስታል አድርጋችሁ እስኪጠጥር ያዙበት፣ ከዚያ ሰባብራችሁ በማንኪያ ጫፍ አንሱ። የቀረውን የሻማ ቅባት ነጭ ወረቀት አንጥፋችሁ፣ እንፋሎት በሌለው በዝቅተኛ ሙቀት ላይ ባለ ካውያ ነካ በማድረግ ወረቀቱ እንዲመጠው አድርጉ። ፖሊፕሮፒሊን ምንጣፍ ግን በቀላሉ ስለሚቀልጥ ካውያ አይወድም፤ በበረዶው ብቻ ተወጡት።

*ሽንት።* ሽንት ሲፈስና ሲቆይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አዲሱ ብዙውን ጊዜ በትንሹ አሲድ ነው። እየቆየ ሲሄድ ባክቴሪያ ሰብሮ አሞኒያ ያደርገዋል፤ ሽታውም ቀለም መለወጡም ያኔ ይመጣል። ስለዚህ ቶሎ መጫን፣ በቀዝቃዛ ውሃ ማቅጠን፣ እንደገና መጫን። ከዚያ የኢንዛይም ማጽጃ ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ እንዲደርስ አድርጉ፤ ላዩን ብቻ ከረጫችሁ ከሥር ያለው ሽታ እርጥበት ባለበት ቀን ሁሉ ይነሳል። ሱፍ ምንጣፍ ከሆነ ጠርሙሱ ለሱፍ ይሆናል የሚል ማጽጃ ካልሆነ በቀር በአቼቶው ውህድ ተወጡት። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሙ፤ ሽታው ለእንስሳ ሽንት ስለሚመስለው ወደዚያው ቦታ ይመልሰዋል።

*ጭቃ።* ተዉት ይድረቅ። ከዚያ በብሩሽ አራግፉ፣ በቫኪዩም አንሱ።

ምንጣፍ ሲሆን

ምንጣፍ ከእድፍ ይልቅ የሚያረጀው በአሸዋ ነው። በጫማ የሚገባው ደቃቅ አሸዋ ስለታም ጠርዝ አለው፤ ወደ ጸጉሩ ሥር ወርዶ ሰው በረገጠ ቁጥር ክሩን ይቆርጣል። ምንጣፉ መሃል ላይ የሳሳ መንገድ የሚወጣው በዚህ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰው የሚበዛበትን ቦታ ሁለት ጊዜ፣ በቫኪዩም በዝግታ ማለፍ ብዙ እጥበት ያስቀራል። በየጥቂት ወሩ ደግሞ ምንጣፉን ገልብጣችሁ ጀርባውን አጽዱ፤ ስትመልሱት ወለሉ ላይ የምታገኙት አሸዋ ከላይ ያልታየው ነው። በእጅ የተሠራ ምንጣፍ ላይ የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው ቫኪዩም ጸጉሩን ይነቅላል፤ ብሩሹን አጥፉት። በዘርፉ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትለፉ፤ ጠምዝዞ ይበጥሰዋል።

ምንጣፉን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ አዙሩት፤ በር በኩል የነበረው ጫፍ ወደ ውስጥ ይሂድ። ፀሐይና እግር በእኩል ይካፈሉታል።

ቤት ውስጥ ሙሉ ምንጣፍ ማጠብ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ እንዴት ይደርቃል የሚለው ነው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ጀርባው ጭምር ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምራል። ማንጠልጠያ፣ ነፋስና ጥላ ከሌላችሁ አትጀምሩት። ቀጭን የጥጥና ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ይቻላል። በወፍራም ሱፍና በሙጫ በተጣበቀ ጀርባ ላይ ግን ውሃ ማፍሰስ አይመከርም፤ ሙጫው ይለቃል፣ ጀርባው ይሸበሸባል።

ብል የሚበላው ሱፍንና ሐርን ነው፤ የሚበላውም ትሉ እንጂ የምትበርረው አይደለችም። ጨለማና የማይነካካ ቦታ ይወዳል፤ ሶፋ ሥር ያለው የምንጣፍ ጫፍ መጀመሪያ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ሶፋውን እየገፋችሁ ያንን ጫፍ ማጽዳት ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል። የሚቀመጥ ምንጣፍ ካለ ጸድቶ፣ ፈጽሞ ደርቆ ይጠቅለል፤ አይታጠፍ፣ እጥፋቱ ጀርባውን ይሰብራል። በፌስታል ሳይሆን አየር በሚያስገባ ጨርቅ ሸፍኑት።

ቆዳ ሲሆን

ቆዳ ላይ ከሚደርሰው ጥፋት አብዛኛው ጨርቅ በሚጸዳበት መንገድ በማጽዳት የሚመጣ ነው። ሁሉም ቆዳ አንድ እንዳልሆነ በአንድ ጠብታ ውሃ ታውቃላችሁ። በማይታይ ቦታ ጠብታዋን አሳርፉና ተመልከቱ። ክብ ሆና ላዩ ላይ ከተቀመጠች ቆዳው በቀለም ሽፋን የተጠበቀ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው የቆዳ ሶፋ እንዲህ ነው። ጠብታዋ ቀስ ብላ ከሰረገችና ቦታው ከጠቆረ ሽፋን የሌለው አኒሊን ቆዳ ነው። እንዲህ ያለው ሲነካ ይለሰልሳል፣ የተፈጥሮ ምልክቶቹ ይታያሉ፣ የፈሰሰበትን ሁሉ ግን ይጠጣል። ጸጉራም ገጽ ያላቸው ሱዊድና ኑቡክ ደግሞ ሦስተኛ ወገን ናቸው።

ሽፋን ላለው ቆዳ፦

1. በቫኪዩም ለስላሳ ብሩሽ፣ በተለይ ስፌቱንና እጥፋቱን አጽዱ። አሸዋ እዚህም ሽፋኑን ይፍቃል።
2. ለስላሳ ጨርቅ በለብታ ውሃ አርጥባችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁ፤ ሲነካ እርጥበቱ ይሰማ እንጂ አይንጠብጥብ።
3. ካልበቃ ለቆዳ የተሠራ ማጽጃ በስፖንጅ አረፋ አድርጋችሁ አረፋውን ብቻ ተጠቀሙ። በክብ እንቅስቃሴ፣ ሳትጫኑ።
4. በእርጥብ ጨርቅ አለቅልቁ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አብሱ።
5. በራሱ ይድረቅ፤ ፀሐይና ማሞቂያ አያስፈልገውም።

ለምን ለቆዳ የተሠራ ማጽጃ? ቆዳ በተፈጥሮው አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው። ተራ ሳሙና ደግሞ 9 እና 10 ይደርሳል። አንድ ጊዜ ቢነካው አይጮህም፤ ሲደጋገም ግን ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል። የሕፃን ማበሻ እርጥብ ሶፍትም ለሰው ገላ እንጂ ለቆዳ ሶፋ አልተሠራም።

የወይራ ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ ቫዝሊን ቀቡት የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። እባካችሁ አታድርጉት። ሽፋን ባለው ቆዳ ላይ አይገባም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል። አኒሊን ላይ ደግሞ ገብቶ ያጠቁረዋል፤ የምግብ ዘይት ከቆየ ይበላሻል፣ ይሸታል። ቆዳ የሚፈልገው የቆዳ ክሬም ነው፤ በስሱ፣ ከጽዳት በኋላ፣ በየ6 እስከ 12 ወሩ።

ለሶፋ ቆዳ የቀን ጠላቱ የሰው ላብና ቅባት ነው። ራስ የሚደገፍበትና ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ከሌላው ቀድሞ የሚጠቁረውና የሚጣበቀው ለዚህ ነው። እነዚህን ቦታዎች በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ብቻ ለዓመታት ዕድሜ ይጨምራል። አኒሊን ላይ የገባ ቅባት ሲገኝ ስታርች ነስንሳችሁ አሳድሩት፤ ውሃና ሳሙና አታክሉበት። ብዙ ጊዜ ቅባቱ ራሱ እየተሰራጨ ይደበዝዛል።

እስክሪብቶ ቆዳ ላይ ሲሆን አልኮል አደገኛ ነው፤ ቀለሙን ሲያወጣ ሽፋኑንም ይዞ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእርጥብ ጨርቅና በቆዳ ማጽጃ ሞክሩ። ካልሆነ ለቆዳ ቀለም ማውጫ ተብሎ የተሠራውን ፈልጉ። የጂንስ ሰማያዊ ቀለም ነጭና ክሬም ቆዳ ላይ ሲያርፍም እንዲሁ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይወጣል፣ ከቆየ ወደ ሽፋኑ ይዘልቃል።

ሱዊድና ኑቡክ በደረቁ ነው የሚሠሩት፤ ለስላሳ ብሩሽ፣ ነጭ የእርሳስ ላጲስ፣ ለዘይት ደግሞ ስታርች። ውሃ ከነካቸው ገጹን በሙሉ በእኩል በስሱ አርጥቦ ማድረቅና ጸጉሩን በብሩሽ ማንሳት ምልክቱን ይቀንሳል።

ቆዳ ከማሞቂያ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ሥርም አይቀመጥ። የደረቀ ቆዳ በክሬም ይለሰልሳል፤ የተሰነጠቀ ግን አይገጥምም።

ሰው ሠራሽ ቆዳ ሌላ ነገር ነው። ከፖሊዩሬቴን የተሠራው በእርጥበትና በዕድሜ ራሱ ይፈርሳል፣ ይላላጣል፤ ክሬም አይመግበውም። በስስ የሳሙና ውህድ አብሱት፣ አድርቁት፣ አልኮል አታስነኩት። መላላጥ ከጀመረ በጽዳት አይቆምም።

አስቀድሞ መከላከል

ጨርቅ ላይ የሚረጭ መከላከያ በሰፊው የታወቀው ከስኮችጋርድ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካው 3ኤም ኩባንያ ላቦራቶሪ አንድ ፈሳሽ የሸራ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ያ ቦታ ከዚያ በኋላ ውሃም ዘይትም አልይዝ ማለቱን ፓትሲ ሸርማንና ሳሙኤል ስሚዝ አስተዋሉ፤ ምርቱም በ1956 ገበያ ላይ ዋለ። ዘይትንም ውሃንም የሚገፋው በፍሎሪን የተሠራው ኬሚካል ነው። ይኸው ኬሚካል ግን በአካባቢና በሰው ደም ውስጥ ሳይፈርስ እንደሚቆይ ታወቀ፤ ኩባንያው በ2000 የቀድሞውን ቅንብር እንደሚያቆም አስታወቀ። የዚህ ቤተሰብ ኬሚካሎች ፒፋስ ይባላሉ፤ በብዙ አገሮች እየተከለከሉ ወይም እየተገደቡ ነው።

የእኔ ምርጫ፣ በተለይ ሕፃናት በሚድሁበት ቤት፣ ጠርሙሱ ላይ ከፒፋስ ነፃ የሚል ነው። የሚያጎድለውን ግን እወቁ፤ ፍሎሪን የሌለው መከላከያ ውሃ ይገፋል እንጂ ዘይትን እምብዛም አይገፋም። የትኛውም ዓይነት ቢሆን የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው። የፈሰሰው ነገር ለጥቂት ደቂቃ ላዩ ላይ ይቆያል፤ ያኔ ካልጫናችሁት ይገባል።

ስትረጩ ጨርቁ ጸድቶ የደረቀ ይሁን፤ አለበለዚያ ቆሻሻውን ታሽጉበታላችሁ። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችንና እንስሳትን አርቁ፣ የዓሣ ገንዳ ካለ ሸፍኑ። በማይታይ ቦታ ሞክሩ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ጊዜ በስሱ እርጩ፤ አንድ ጊዜ በወፍራሙ መርጨት ነጭ ምልክት ይተዋል። ጠርሙሱ የሚለውን ያህል ይድረቅ። ሰው አዘውትሮ የሚቀመጥበት ቦታ ሽፋኑ በመፋተግ ያልቃል። ማለቁን በውሃ ጠብታ እዩ፤ ጠብታዋ ከሰረገች ተራው ደርሷል። የጨርቅ መከላከያ ቆዳ ላይ አይሆንም።

ከኬሚካሉ ይልቅ ብዙ የሚያድኑ ተራ ነገሮች አሉ፦ ክንድ ማሳረፊያና ራስ ማስደገፊያ ላይ የሚታጠብ ልብስ ማልበስ፣ ትራሶችን እያገላበጡ መጠቀም፣ በር ላይ ጫማ ማውለቅ ወይም ሁለት ማበሻ ምንጣፍ ማኖር፣ አንዱን ውጭ አንዱን ውስጥ።

ባለሙያ የሚጠራበት ጊዜ

ቀለም የሚለቅ ምንጣፍ፣ ሐር፣ ቪስኮስ፣ በእጅ የተሠራ አሮጌ ምንጣፍ፣ «ኤክስ» ምልክት ያለው ጨርቅ፣ እስከ ስፖንጁ የወረደ ሽንት፣ ሽፋኑ የተነሳ ቆዳ። እነዚህን ደረቅ ጨርቅ ጭናችሁ ፈሳሹን ካነሳችሁ በኋላ ተዉአቸው። ባለሙያው ሲመጣ ሦስት ነገር ንገሩት፦ ምን እንደፈሰሰ፣ መቼ እንደፈሰሰ፣ እናንተ ምን እንዳደረጋችሁበት። ሦስተኛውን ሰው ይሸሽጋል። ጨርቁ ውስጥ በረኪና ወይም አቼቶ ቀርቶ ከሆነ ግን እሱ በሚጨምረው ኬሚካል ላይ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ያ ነው። የተጠቀማችሁበት ጠርሙስ ካለ አውጥታችሁ አሳዩት።